ከሥሩ ነቅሎ ማየት

ሌላው ሰብል የዝናቡን መምጣት ሲጠብቅ ሽምብራ መሄዱን ይጠብቃል። በምንጃር ሸንኮራ፣ በአድአና በጊምቢቹ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ዋልካው መሬት ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ይከርማል፤ የረገጠውን ሁሉ እግር ይይዛል። ገበሬው ሽምብራ የሚዘራው ነሐሴ ሲገባደድ፣ ብዙ ጊዜም መስከረም ውስጥ፣ በሬዎቹ ጭቃው ሳይዛቸው መራመድ ሲችሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ የሚጨምርለት እምብዛም የለም። ሰብሉ አብቦ፣ ፍሬ ቋጥሮ፣ ጥርና የካቲት ላይ እስኪነቀል ድረስ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይኖራል።

ኢትዮጵያ በዓመት ከ200 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ መሬት በሽምብራ ትሸፍናለች፤ በአፍሪካም ቀዳሚዋ አምራች ናት። እሸቱ በየመንገዱ ዳር በእቅፍ ይሸጣል፣ ቆሎው ከቡና ጋር ይቀርባል፣ ሽሮው ጾሙን ያሻግራል፣ የሽምብራ ዓሳው ሁዳዴን ያደምቃል። ለገበሬው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ መሬቱን ስለሚያለማ ከእሱ በኋላ የሚዘራው ጤፍ ያምርበታል። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው ግን ከአፈር በታች ባለው ሥር ላይ ነው። ሥሩ ሲታመም ደግሞ በመጀመሪያ የሚታየው ቅጠሉ ላይ ስለሆነ ስለ ሽምብራ በሽታ የሚባለው ብዙው ነገር ከተሳሳተ ቦታ ይጀምራል።

ኅዳር ላይ አበባው ፍሬ መቋጠር ሲጀምር አረንጓዴው ማሳ መካከል ገርጣ ያለ ነገር ብቅ ይላል። መጀመሪያ አንድ ሁለት እግር ነው። ሳምንት ሳይቆይ ክብ ይሠራል፣ ከዚያም ጥግ ይይዛል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ስትመጣ እንዲህ ባለ ማሳ ዳር የሚደረገው ንግግር ከቀበሌ ቀበሌ ብዙም አይለያይም።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከሚካኤል ወዲህ ነው ልጄ። እኔ እንኳ ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ ነበር። አጠገቡ ያለው ግን ደኅና ነው።»

የመጨረሻዋ ንግግር ቀላል አይደለችም። ውሃ የጠማው ማሳ ከሞላ ጎደል እኩል ነው የሚጠማው፤ ድንጋያማው ጥግ ቀደም ይል ይሆናል፣ ረባዳው ይዘገይ ይሆናል፣ ነገር ግን አንዱ እግር ሞቶ ጎን ለጎኑ ያለው ሲያብብ አይገኝም። እዚህ ግን አንዳንዱ ተክል ግማሹ ጠውልጎ ግማሹ ቆሟል። ከአንድ ሥር ከወጡት ቅርንጫፎች ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ሦስተኛው ፍሬ እየቋጠረ ነው። ድርቅ እንዲህ እየመረጠ አይመታም።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አንዱን ትነቅላለች። የሽምብራ ቅጠል ላይ ያሉት ረቂቅ ጸጉሮች አሲድ ስለሚያመነጩ እጇ ወዲያው ይጣበቅባታል፤ ማሳ ውስጥ ሲነቅል የዋለ ሰው ጣቱን ቢልስ ይኮመጥጠዋል። ተክሉ ከነሥሩ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። አፈሩን አራግፋ ታየዋለች። ሥሩ ከውጭ ጤነኛ ነው፤ አልበሰበሰም፣ አልጠቆረም፣ ሻጋታ የለበትም። ከኪሷ ምላጭ አውጥታ ግንዱን ከአፈሩ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ጀምራ ወደ ታች ቁመቱን ትሰነጥቀዋለች። ነጭ መሆን በነበረበት እንጨት መሐል ለመሐል፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጥቁር ቡናማ መስመር ወርዷል።

ከዚያ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ሌላ ታነሣለች። ከላይ ሲያዩት ያው ነው፤ የደረቀ ሽምብራ። ቅጠሉ የገለባ መልክ ይዟል እንጂ አልረገፈም። ስትጎትተው ግን ቀጭ ብሎ ይሰበርና ግንዱ እጇ ላይ፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ይቀራል። በዶማ ተቆፍሮ ሲወጣ ዋናው ሥር ደርቆ እንደ ቆሻሻ ስንጥር ሆኗል፤ ጎንና ጎን የሚወጡት ቀጫጭን ሥሮች የሉም። ልጡ በጥፍር ሲላጥና በአጉሊ መነጽር ሲታይ አቧራ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ።

አንድ ማሳ፣ አንድ ዓይነት ድርቀት፣ ሁለት በሽታ። በሽታ አምጪዎቹ ፈንገሶች አይዛመዱም፣ የሚወዱት የአየር ጠባይ አይገጥምም፣ መፍትሔያቸውም እንደምናየው አንዳንዴ ይጋጫል።

የመጀመሪያው፣ መሐሉን ያጠቆረው፣ ፊውዛሪየም ኦክሲስፖረም ይባላል፤ ሽምብራን የሚያጠቃው ዓይነት ሲሴሪስ የሚል ተጨማሪ ስም አለው። አመጣጡ በሥር በኩል ነው። አፈር ውስጥ ወፍራም ግድግዳ ባለው ዘር መሰል አካል ተኝቶ ይከርምና የሽምብራ ሥር ሲቀርበው ይነቃል፣ ወደ ሥሩ ዘልቆም ውሃ ወደ ላይ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች ውስጥ ይሰፍራል። ተክሉ ዝም ብሎ አያየውም። ወራሪው ወደ ላይ እንዳይወጣ ብሎ ቧንቧዎቹን ሙጫ በመሰለ ነገርና ወደ ውስጥ በሚያብጡ ሕዋሳት ይዘጋቸዋል። በዚህም ራሱን ያስጠማል። በምላጭ የታየው ጥቁር መስመር የዚህ ትግል ዱካ ነው። ከውጭ ምንም ብስባሽ የማይታየውም ለዚህ ነው፤ ፈንገሱ ሥሩን ከውስጥ እንጂ ከላይ አይበላውም።

በሽታው ሁለት ጊዜ ይመጣል። ፈጣኑ ከተዘራ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቡቃያውን አረንጓዴ እንደሆነ መሬት ላይ ያስተኛዋል። ዘግይቶ የሚመጣው አበባና ፍሬ ጠብቆ ነው። ሕንዳውያኑ ተመራማሪዎች ሐዋሬና ኔኔ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት ቀድሞ የጠወለገ ተክል ከምርቱ ከ77 እስከ 94 በመቶውን፣ ዘግይቶ የጠወለገው ደግሞ ከ24 እስከ 65 በመቶውን ያጣል። ዘግይቶ የሞተ ተክል ፍሬ ስለሚሰጥ ገበሬው «ተርፏል» ብሎ ይሰበስበዋል። ፍሬው ግን የቀለለና የተጨማደደ ነው። የከፋው ደግሞ ዘር ሆኖ መቀመጡ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው፣ ሥሩን ያደረቀው፣ ራይዞክቶኒያ ባታቲኮላ ነው፤ ማክሮፎሚና የሚል ሌላ ስምም አለው። ይህኛው የሚወደው ሙቀትና ጥም ነው። አፈሩ ውሃው አልቆ ሲሰነጣጠቅ፣ ሽምብራው ፍሬ እየሞላ ባለበት በደከመው ሰዓት ይመጣል። ጥቁሮቹ ነጥቦች የፈንገሱ ስንቅ ናቸው፤ ደረቅ ዘመንን የሚያሳልፈው በእነሱ ነው።

ሌሎችም አሉ። ስክሌሮሽየም ሮልፍሲ ቡቃያውን አንገቱ ላይ ይይዘዋል፤ አፈሩ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነጭ ሻጋታ ይታይና ቆየት ሲል የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ድቡልቡል ነገሮች ይወጡበታል። ያልበሰበሰ ገለባ ባለበትና እርጥበት በበዛበት መሬት ይበረታል። ራይዞክቶኒያ ሶላኒና ፊውዛሪየም ሶላኒ ደግሞ ውሃ የተኛበት ማሳ ጓደኞች ናቸው፤ ሥሩን ያበሰብሱታል፣ ያጠቁሩታል። ቆራጭ ትልና ምስጥም ተመሳሳይ ድርቀት ያመጣሉ፤ እነሱን ግን ጥርሳቸው ያጋልጣቸዋል። ከሁሉም አሳሳቹ ቫይረስ ነው። በክሽክሽ የሚተላለፈው የሽምብራ አቀጭጭ ቫይረስ ቅጠሉን ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ያደርገዋል፣ ቁመቱን ያሳጥረዋል፣ በምላጭም ሲሰነጠቅ ቡናማ ነገር ያሳያል። ልዩነቱ ቡናማው ያለው ከልጡ ሥር ምግብ በሚያመላልሰው ክፍል ላይ መሆኑ ነው፤ መሐሉ ነጭ ነው። ስስ ልዩነት ናት። በዚህች ልዩነት የተሳሳተ ሰው ለክሽክሽ መድኃኒት መርጨት ሲገባው ዘር ሲቀይር፣ ወይም ዘር መቀየር ሲገባው መድኃኒት ሲረጭ ይከርማል።

እንዲህ ለያይቶ ማየት ዛሬ ቀላል ይምሰል እንጂ አዋቂዎቹንም ረጅም ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ሕንድ በዓለም ላይ ትልቋ የሽምብራ አገር ናት፤ የሽምብራ መጠውለግ በጽሑፍ የተነሣውም እዚያ ነው። አየርላንዳዊው የፈንገስ ሊቅ በትለር እ.ኤ.አ. በ1918 ጠቅሶታል፤ ፓድዊክ በ1940 ፊውዛሪየምን ለይቶ ሰይሞታል። በመካከልና ከዚያም በኋላ ግን ክርክሩ አልቆመም። አንዱ ፊውዛሪየም ሲል ሌላው ራይዞክቶኒያ ይላል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ትቶ ሙቀቱንና የአፈሩን እርጥበት ይከሳል። ሁሉም ከሞተ ሽምብራ ላይ ያገኘውን ነበር የሚያወራው፤ ሁሉም ያገኘው ነገርም እውነት ነበር። በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ «ውስብስብ ጠውልግ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ገባ። ውስብስብ ማለት ብዙ ጊዜ አላወቅንም የማለት የጨዋ አነጋገር ነው።

ከረጢቱ የተፈታው በ1970ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በሃይደራባድ አጠገብ በፓታንቸሩ የተቋቋመው ኢክሪሳት፣ የደረቅ ወበቅ አካባቢ ሰብሎች ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም፣ ሽምብራን ከሥራው አንዱ አደረገ። ኔኔ፣ ሐዋሬና ሬዲ በየማሳው እየዞሩ የጠወለገ የሚባለውን ሁሉ እየነቀሉ፣ እየሰነጠቁ፣ ላቦራቶሪ እየወሰዱ ለዩት። በ1978 ያሳተሟት ትንሽ መጽሔት ያቀረበችው ነገር የሚያስገርም ቀላልነት አለው፤ ሥሩ ተሰበረ ወይስ ሙሉ ወጣ፣ የጠቆረው መሐሉ ነው ወይስ ልጡ፣ ነጭ ሻጋታ አለ ወይስ የለም፣ ቡቃያ ነው ወይስ ፍሬ የያዘ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ በኪሷ ምላጭ የያዘችው በዚያ ሥራ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ምላጩ ግን ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ለፍርዱ ናሙናው ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ወይም የዕፅዋት በሽታ ወደሚያጠናው አምቦ መሄድ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ወደ ላቦራቶሪ የሚመጣው ናሙና ብዙ ጊዜ የሞተ ተክል ነው፤ ሰው የባሰውን መርጦ ማምጣቱ ተፈጥሯዊ ነው። ለምርመራ ግን የሞተ ተክል መጥፎ ምስክር ነው። ፈንገስ ሁሉ ገዳይ አይደለም፤ አብዛኛው የሞተ ነገር የሚበላ ነው። ተክሉ በሞተ በቀናት ውስጥ እነዚህ ሥሩን ይወሩታል፣ ከገዳዩም ፈጥነው ያድጋሉ። የሚፈለገው ዛሬ መጠውለግ የጀመረው፣ ገና ግማሽ ነፍስ ያለው ነው። የሚቀመጠውም በወረቀት ከረጢት ነው። ፌስታል ውስጥ የገባ ሥር በመንገድ ላይ ያልበዋል፤ ላቦራቶሪ ሲደርስ ያፈራው ሻጋታ ከማሳው ጋር ዝምድና የለውም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሥሩ በውሃ ይታጠብና ጠቆር ካለውና ጤነኛ ከሆነው ድንበር ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቁራጭ ይወሰዳል። ድንበሩ የሚመረጠው ፈንገሱ ወደፊት እየሄደ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ቁራጩ በቀጠነ በረኪና ውስጥ ለአጭር ጊዜ ይነከራል፤ ያው ልብስ የምናነጣበት በረኪና ነው። ላዩ ላይ ያለው ይሞታል፣ ውስጥ ያለው ይተርፋል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቅና ደርቆ፣ ከድንች ፈሳሽ፣ ከስኳርና ከአጋር በተሠራ ምግብ ላይ ይቀመጣል። 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል።

ፊውዛሪየም ሲወጣ መጀመሪያ ነጭ ነው። ቀናት ሲቆጠሩ ሳህኑን ከሥር ገልብጠው ሲያዩት ሐምራዊ ወይም ሮዝ ጥላ ይጥልበታል። በማይክሮስኮፕ ሁለት ዓይነት ስፖር ይታያል፤ ብዛት ያላቸው ጥቃቅን ሞላላዎችና ጎበጥ ብለው በግድግዳ የተከፋፈሉ ረዘም ያሉ። ጥቃቅኖቹ ከምን ላይ እንደሚበቅሉ ማየት ያስፈልጋል። አጭር አንገት ላይ ሰብሰብ ብለው ከተገኙ ኦክሲስፖረም፣ ረጅም አንገት ላይ ከሆኑ ሶላኒ። ራይዞክቶኒያ ባታቲኮላ ከሆነ ደግሞ ሳህኑ ውሎ አድሮ በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቶ ከሰል ይመስላል፤ እሱን ለይቶ ማወቅ ብዙም አያደክምም።

አድካሚው ፊውዛሪየም ነው። ምክንያቱም ፊውዛሪየም ኦክሲስፖረም የሌለበት የእርሻ መሬት ማግኘት ያስቸግራል። አብዛኛው ወገኑ ማንንም አይነካም፤ ሥር ዙሪያ የሞተ ነገር እየበላ ይኖራል፤ እንዲያውም አንዳንዱ በሽታ አምጪውን ቦታ በማጣበብ ተክሉን ይጠቅማል። ቲማቲምን የሚያጠወልግ አለ፣ ሙዝን የሚጨርስ አለ፣ ጥጥን የሚያደርቅ አለ። ሁሉም በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ናቸው። የሐምራዊውን ሳህን ፎቶግራፍ አንሥቶ «ይኸውላችሁ ገዳዩ» ያለ ዘገባ ካጋጠማችሁ ሥራው ግማሽ ላይ የቆመ መሆኑን እወቁ። ወንጀሉ በተፈጸመበት ሰፈር የሚኖር ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም።

ሌላው ግማሽ ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ለሰው በሽታ ያወጣው ሕግ ነው፤ ለሽምብራም ይሠራል። ከታመመው የወጣው ፈንገስ ከአንድ ስፖር ተነሥቶ ለብቻው ይራባል። ከዚያ ጤነኛ ሽምብራ ላይ ይደረጋል። የሚመረጠው በሽታውን ጨርሶ የማይችል ዝርያ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ጄጂ 62 የተባለ የሕንድ ሽምብራ አለ፤ ዝናው በሙሉ የተሠራው በመሞቱ ነው። ቡቃያዎቹ ሥራቸው ጫፉ ተቆርጦ ስፖር ባለበት ውሃ ውስጥ ይነከራሉ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ ድስት ውስጥ በገባ አፈርም ይተከላሉ። ሌሎች ቡቃያዎች ደግሞ በንጹሕ ውሃ ብቻ ተነክረው ጎን ለጎን ይተከላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጠውልገው ሁለተኛዎቹ ከቆሙ፣ የጠወለጉትም ተሰንጥቀው መሐላቸው ከጠቆረ፣ ከእነሱም ያው ፈንገስ ተመልሶ ከወጣ፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ ተዘጋ። ድስቱና ጥበቃው አንድ ወር ገደማ ይወስዳል።

አቋራጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በስፔን ኮርዶባ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሽምብራውን ፊውዛሪየም ከሌሎቹ ዘመዶቹ በዘረ መል የሚለይ የፒሲአር ምርመራ አውጥተዋል፤ ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹንም ለይቶ ይጠራል። መሣሪያውና ኬሚካሉ ባለበት ቦታ ጥሩ ነገር ነው። ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ግን ድስቱ ሥራ አይፈታም።

ስለ ዝርያ ካነሣሁ አይቀር፣ ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው እሱ ነው። ሐዋሬና ኔኔ እ.ኤ.አ. በ1982 በሕንድ አራት የተለያዩ የፈንገሱ ዝርያዎች እንዳሉ አሳዩ። ያሳዩትም በአንድ ረድፍ የተመረጡ የሽምብራ ዓይነቶችን ለእያንዳንዱ ፈንገስ እየሰጡ የትኛው እንደሚሞትና የትኛው እንደሚተርፍ በመመዝገብ ነው። ከስፔን ሌሎች ተጨምረው ዛሬ ስምንት ይታወቃሉ። ሁለቱ ዝግ ብለው ያዳክማሉ፤ ቅጠሉ ከሥር ወደ ላይ ቢጫ እየሆነ ተክሉ ሳምንታት ይቆያል። ስድስቱ ፈጥነው ይጥላሉ። ለአንዱ የማይበገር ሽምብራ ለሌላው ሊረታ ይችላል። «በሽታ የሚቋቋም ምርጥ ዘር» የሚል ጽሑፍ ከረጢት ላይ ሲነበብ የትኛውን በሽታ፣ የትኛውን ዝርያ፣ የት ተፈትኖ የሚለው ጥያቄ ነገረኛነት አይደለም። ዘሩ የሚገዛው በገበሬው ገንዘብ ነው።

የመቋቋም ነገር ራሱ የሚገርም አሠራር አለው። በፓታንቸሩ ኬ 850 እና ሲ 104 የተባሉ ሁለት ሽምብራዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ዘግይተው ይጠወልጋሉ እንጂ አያመልጡም። ሲዳቀሉ ግን ከልጆቻቸው መካከል ጨርሶ የማይጠወልጉ ተገኙ። አንዱ የያዘው የመዘግየት ዘረ መል ከሌላው የተለየ ኖሮ፣ ሁለቱ ሲገናኙ መዘግየት መዳን ሆነ። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው መሬት ከሁሉም እርሻ የተለየ ነው፤ ሆን ተብሎ የታመመ ማሳ። የጠወለገ ሽምብራ ተከትፎ ይቀበርበታል፣ በየዓመቱ የማይቋቋመው ዝርያ ይዘራበታል፣ መሬቱ በፈንገስ እስኪሞላ። ከዚያ አዳዲሶቹ ዝርያዎች በጄጂ 62 መስመሮች መካከል ይዘራሉ። ጄጂ 62 በሙሉ ካለቀ ፈተናው እኩል ደርሷል ማለት ነው፤ የቆመው በዕድል አልቆመም። ደብረ ዘይትም እንዲህ ያለ ማሳ አለው። ጎብኚ ሲያየው የተበላሸ እርሻ ይመስለዋል። ለአዳቃዮቹ ግን ከግቢው ውድ መሬት አንዱ ነው።

ወደ ማሳው እንመለስ። ሁለት በሽታ ያለበት ማሳ ባለቤት ምን ያድርግ?

የፊውዛሪየም ጥግ ላይ የመጀመሪያው ሐሳብ ማፈራረቅ ነው። ፈንገሱ ሽምብራ ባይዘራም ከስድስት ዓመት በላይ አፈር ውስጥ እንደሚቆይ ሐዋሬና ባልደረቦቹ አሳይተዋል፤ አንድ ዓመት ጤፍ ዘርቶ መመለስ አያጸዳውም፣ ቁጥሩን ግን ይቀንሳል። ወጥመዱ ያለው ምስር ላይ ነው። ምስር፣ አተርና የርግብ አተር ሳይታመሙ ይህን ፈንገስ ሥራቸው ላይ ያኖሩታል። ገበሬው ሽምብራውን አሳርፌዋለሁ ብሎ ምስር ሲዘራ ፈንገሱን እየቀለበው ነው፤ ምስሩ ደግሞ ምንም አይልም። በደጋውና በወይና ደጋው ዋልካ ላይ ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራ እየተባለ የሚዞረው የተለመደ ተራ በዚህ ዓይን ሲታይ መሐል ላይ ቀዳዳ አለበት።

ዘሩም አለ። ፈንገሱ በፍሬው እምብርት ውስጥ፣ ከእናቱ ተጣብቆ በነበረበት ቦታ፣ ተደብቆ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ይታወቃል። ዘግይቶ የጠወለገው ተክል ፍሬ ወደማይታመም ማሳ በሽታውን የሚያደርሰው እንዲህ ነው። ስለዚህ ከታመመው ጥግ የተነቀለው ለብቻው ተወቅቶ ለሽሮ ይዋል፣ ለዘር አይቀመጥ ይባላል። ማለት ቀላል ነው፤ አውድማው አንድ፣ በሬውም አንድ፣ የሚወቃበት ቀንም አንድ ሲሆን ግን አንዱን ጥግ ለብቻ መያዝ ሌላ የሥራ ቀን ነው። ይህን የማይጠቅስ ምክር ወረቀት ላይ ይቀራል።

የደረቀው ሥር ጥግ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ራይዞክቶኒያ ባታቲኮላ ማሽላንና በቆሎን ጨምሮ ከ500 በላይ ዕፅዋትን ይበላል፤ ለሽምብራው ብሎ ማሽላ ያፈራረቀ ምንም አላተረፈም። እዚህ የሚረዳው መሽቀዳደም ነው፤ እርጥበቱ ሳያልቅ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ መምረጥ፣ ከተቻለም ቀደም ብሎ መዝራት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ)፣ ኢክሪሳትና የኢትዮጵያ ተቋማት በማረሻ ላይ ተመሥርተው የሠሩት ውሃ የሚያጠነፍፍ የመደብ መሥሪያ፣ ገበሬው ቢቢኤም የሚለው፣ ዋልካውን ቀደም ብሎ መዝራት ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ቀድሞ የተዘራ ሽምብራ ቡቃያው ከክረምቱ ጭራ ጋር ይገናኛል። ውሃው በደንብ ካልተጠነፈፈ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክለው ስክሌሮሽየምና የሥር አበስብሶቹ ይጠብቁታል። ከድርቁ የሸሸ ወደ ርጥበቱ ይገባል። በስፔን ደቡብ የመዝሪያውን ጊዜ ከፀደይ ወደ ክረምት ማምጣት ፊውዛሪየሙን አዘግይቶታል፤ የእነሱ ክረምት ቀዝቃዛ ስለሆነ ፈንገሱ አይነቃም። የእኛ መስከረም ያን ዓይነት ቅዝቃዜ የለውም፣ ስለዚህ የእነሱ ምክር እንዳለ አይቀዳም።

ለአንድ ማሳ ሁለት መልስ መስጠት እንግዲህ ግድ ነው። የላይኛው፣ ድንጋያማውና ቶሎ የሚደርቀው ጥግ፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይፈልጋል። ፊውዛሪየሙ ያለበት ጥግ የሚቋቋም ዘር እስኪገኝለት ድረስ ጤፍ ቢዘራበት ይሻላል፣ ምስር ግን አይዘራበትም። የትኛው ጥግ የትኛው መሆኑን የሚናገረው ሥሩ ነው።

ጊዜም አለ። ኅዳር ላይ በወረቀት ከረጢት የተላከ ናሙና ሳህኑን፣ ድስቱንና ዳግመኛ ምርመራውን አልፎ የካቲት ላይ መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ ዘር የሚመረጠው ነሐሴ ነው። ጥር ላይ የተላከ ናሙና ግን ለምርመራ የሚሆን አይደለም። ሽምብራው ተነቅሎ አውድማ ላይ ተከምሯል፣ ማሳው ላይ የቀረው ሥር ደርቆ ሻጋታ ሁሉ ሰፍሮበታል፣ የታመመው ከጤነኛው ጋርም አንድ ላይ ተወቅቷል።